ሦስት ሽንኩርት

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሰው አስደነገጥኩ።

ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ እየተመለስኩ ነው። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ሰው ሁሉ እርጥብ፣ ሰው ሁሉ ዝም። ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ከኮሎራዶ ደወለ። አልሰማ ሲለኝ ጮህኩበት፦ "አጭሯን ተዋት አልኩህ! ረዘም ያለችውን ግዛ! ስምንት ብትጎርስስ፣ ካልመታህባት ምን ትሠራልሃለች?"

ዘወር ያላለ የለም። አጠገቤ ያሉት እናት ዘንቢላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። ረዳቱ መልሴን ሳልጠይቀው ሰጠኝ። በዚህ መስመር ስመላለስ እንዲህ ያለ ተአምር አይቼ አላውቅም።

እኔ እኮ ሽጉጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተብሎ ወጥቶለታል። ግን ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ሲልክልኝ ሳላስበው ሊቅ ሆንኩ።

ተራራ መውጣት ጀምሯል። መንገድ ላይ የማትከብደው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጣሳ የሚመታባት ሪቮልቨር፣ ባለ ከበሮ ሽጉጥ፣ ይፈልጋል። ጥይቷም ትንሿ፣ ፖይንት 22 የሚሏት። "ድብ ቢመጣስ?" አልኩት። "ለድብማ ድንጋይ ይሻላል" አለ።

ሁለት ላይ ቆሟል። አንዷ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 317፣ አልሙኒየም፣ ከ350 ግራም በታች። ሌላዋ የሩገር ኤልሲአር፣ ከ400 ግራም ትንሽ ከፍ ትላለች። ሁለቱም ስምንት ጥይት ይጎርሳሉ። 350 ግራም ምን ያህል ነው ብዬ ኩሽና ገብቼ መዘንኩ። ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት። ጋቢዬን ደርቤ፣ ሽንኩርቱን ኪሴ ከትቼ ሳሎን ውስጥ ተንጎራደድኩ። እውነቱን ነው፣ አይከብድም።

ጣጣው ቃታዋ ነው። የዚህች ጥይት ማቀጣጠያ ያለው እንደ ትልልቆቹ መሃል ላይ አይደለም፤ የቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው። ጠርዙ ጠንከር ተደርጎ ካልተመታ አትተኩስም። ስለዚህ ቃታው ይጠጥራል። ሦስት ሽንኩርት የምታክል ሽጉጥ ይዘህ ጠጣር ቃታ ስትስብ አፈሙዟ ዞር ይላል፣ ጣሳው ይስቅብሃል። አፈሙዟ አጭር የሆነችው ላይ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡ ይብሳል። አፈሙዟ 3 ኢንች የሆነችውን ግዛ ያልኩት ለዚህ ነው። ከጣሳው ጀርባ የአፈር ቁልል ይኑር ብዬም ለምኜዋለሁ። ትንሽ ናት ተብላ የምትናቀው ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች።

ጣሳ፣ ጣሳ ስንል ኮተቤ መጣብኝ።

ያኔ ኮተቤ የከተማው ጫፍ ነበር። የኒዶ ጣሳዎች አጥሩ ላይ እንደረድርና በወንጭፍ እንለቃቸዋለን። ባላው ከወይራ፣ ጎማው ከአሮጌ ካላማዳሪያ። ጎማው ሲለቀቅ የሚተወው ሽታ እስካሁን ጣቴ ላይ ያለ ይመስለኛል። አንድ ቀን አንዱ ድንጋይ ጣሳውን ቀጭ አድርጎ አለፈና የጎረቤት መስኮት ውስጥ ገባ። አባዬ ሲመጣ ሁለታችንም ወንጭፍ ይዘናል። እሱ ወንድ ስለሆነ ተገረፈ። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ግን ዛሬ ድረስ አልገባኝም።

እሱ አንቺ ነሽ ይላል። እኔ አንተ ነህ እላለሁ። ሁለታችንም አርባዎቹን ጀምረናል።

አሁን ማታ ነው። መብራት የለም። ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮኻል፤ የግቢያችን ውሻ መኪና ሥር ገብቷል፣ ጀግና ነው። ስልኬ በራ። "እሺ እቴ፣ በመጨረሻ የቷን ልግዛ?"

"መስኮቱን የሰበርከው አንተ ነህ" ብዬ ላኩለት።

አይቶታል። አልመለሰም።

እሱ ነው አይደል?