የዕለቱን ዳዊት መድገም

ግጥም ስንመርጥ አብዛኛውን ጊዜ ልባችንን ተከትለን ነው፤ ሲከፋን የሐዘኑን፣ ደስ ሲለን የምስጋናውን እንፈልጋለን። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ስንመርጥም ልማዳችን ይኸው ነው። በየማለዳው በስልክ የሚላላኩት ጥቅሶች የሚያጽናኑና የሚያበረቱ ናቸው፤ የሚያስለቅስ ጥቅስ «እንደምን አደርህ» ተብሎ ተልኮልኝ አያውቅም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚደገመው የዕለት ዳዊት፣ ማለትም ለየቀኑ የተመደበው የመዝሙረ ዳዊት ክፍል ግን ቀኑ ማን እንደሆነ እንጂ ደጋሚው እንዴት እንዳደረ አይጠይቅም።

ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ የጸሎተ ነቢያትና የመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ተራ ነው። (ቁጥሩ የግዕዙ ነው፤ የዕብራይስጡን አቆጣጠር በሚከተሉ መጻሕፍት ከ10ኛው መዝሙር ጀምሮ በአብዛኛው በአንድ ይጨምራል።)

በዚህ ተራ የሚሄድ ሰው ሰኞ ዕለት «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን 21ኛውን መዝሙር ደግሞ እንባው ሳይደርቅ እግዚአብሔርን እረኛዬ ወደሚለው ወደ 22ኛው ይሻገራል። ቅዳሜ የምሕረቱን ዘለዓለማዊነት በየሐረጉ እየመላለሰ የሚያመሰግነው 135ኛው መዝሙር ገና ከአፉ ሳይወጣ፣ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ከሚያለቅሱት ምርኮኞች ጋር ይቀመጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የሐሙሱ 87ኛው መዝሙር ነው። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት በአብዛኛው መጨረሻቸው ላይ ወደ ተስፋ ሲመለሱ፣ ይህ ግን ቀንና ሌሊት ጮኾ፣ ወዳጅና ዘመድ ርቆት፣ በዚያው በጨለማው ውስጥ እንዳለ ያበቃል። ደኅና አድሬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ሥራዬን እያሰብሁ ይህን ስደግም ቃሉ የእኔ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ የእኔ ካልሆነ ደግሞ የማን ነው ብዬ እንድጠይቅ ያስገድደኛል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሌሊቱ አልነጋ ያለው ሕመምተኛ፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተዘግቶባት የምትሠራ እኅት፣ ከቀብር የተመለሰ ጎረቤት ምናልባት ዛሬ መጽሐፉን ለመግለጥ እንኳ አቅም የላቸውም። እኔ በእነርሱ ፈንታ እደግመዋለሁ፤ እኔ ዝም በምልበት ቀን ደግሞ ሌላው በእኔ ፈንታ ይደግማል። ይህንኑ አንድ ቀን በግጥም ልለው ሞክሬ ነበር፦

ሰኞ ሳቄን ይዤ ብመጣ ከደጅህ፣
ለቅሶ አስነበብኸኝ ስለ ሌላ ልጅህ፤
ሐሙስ ሐዘን ወርሶኝ ሲከዳኝ ጉልበቴ፣
የሌላ ሰው ዜማ ሆነልኝ ጸሎቴ።

ልብ ያልተሰማውን በአፍ መናገር ግብዝነት አይሆንም ወይ የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ከሟቹ ቤተሰብ እኩል ስላዘነ አይሄድም። ሄዶ አብሮ ይቀመጣል፤ ሐዘኑም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ዳዊቱንም የማየው እንዲሁ ነው። በቀን 30 መዝሙር መድገም ማልዶ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ የሚወዱትን ለይቶ ሁልጊዜ እርሱን ብቻ ከመመላለስ፣ ዐሥሩንም ቢሆን በተራው መድገም ይሻላል ባይ ነኝ። የወደድነው ብቻ ከተደገመ 87ኛው መዝሙር ደጋሚ አያገኝም።

የእሑዱ ጸሎተ ነቢያትም 15 ጸሎታት ሆኖ ከዚሁ መንገድ አይወጣም። ዮናስ በዓሣው ሆድ፣ ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ መካከል፣ የይሁዳው ንጉሥ ምናሴም ከዚያ ሁሉ ኃጢአቱ በኋላ ሲጸልዩ ይሰማሉ። በመካከላቸው ሐና አለች። ልጅ አጥታ በእንባ የለመነች ይህች ሴት፣ ልቤ በእግዚአብሔር ጸና የሚለውን መዝሙሯን የዘመረችው ሳሙኤልን በወለደች ዕለት አልነበረም፤ ጡት አስጥላ፣ ወደ ሴሎ ወስዳ፣ ለካህኑ ለዔሊ አስረክባው ያለ ልጇ ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትል ነው።