ክሊሪም ማጓየርም ነበራቸው

አንድ ክለብ ሲወድቅ ደጋፊው መጀመሪያ የሚጮኸው «አሰልጣኙን አባሩት!» ብሎ ነው። እኔም ድሮ እንደዛ ነበርኩ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፍን በቃ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከዚህ በሽታ ያዳነኝ የሲድኒው የራግቢ ሊግ ክለብ፣ ዌስትስ ታይገርስ፣ ነው። ደጋፊያቸው አይደለሁም፤ ከሩቅ እያየሁ ነው የተማርኩት።

ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። ራግቢ ሊግ ስል 15 ሰው የሚሰለፍበትን ራግቢ ማለቴ አይደለም። ይሄኛው በ13 ሰው ነው፤ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ ከወደቀ ኳሱን ያስረክባል። የተጀመረው በፈረንጆቹ 1895 ላይ እንግሊዝ፣ ሃደርስፊልድ ውስጥ ነው። የሰሜን ክለቦች ለጨዋታ ብለው ከሥራ ለሚቀሩ ወዛደሮች የቀሩበትን ቀን ደመወዝ እንክፈል ሲሉ የራግቢው ማኅበር እምቢ አለ፣ እነሱም ተገንጥለው ወጡ። ዛሬ ጨዋታው በጣም የሚወደደው በአውስትራሊያ ምሥራቅና በዚያው በሰሜን እንግሊዝ ነው።

ታይገርስ የተፈጠረው ሁለት አንጋፋ ክለቦች፣ ባልሜይንና ዌስተርን ሰበርብስ፣ ለ2000 የውድድር ዘመን ሲዋሃዱ ነው። 2005 ላይ ዋንጫ በሉ። ከ2011 በኋላ ግን እስከ 2025 ድረስ ሻምፒዮኑ ለሚለይበት የዓመቱ መጨረሻ ጥሎ ማለፍ አንድም ጊዜ አልደረሱም። 2022፣ 2023፣ 2024 ሦስቱንም ዓመት መጨረሻ ወጡ። በዚህ ጨዋታ መጨረሻ የወጣ ክለብ «የእንጨት ማንኪያ ተሸለመ» ይባላል። ማንኪያ እየሰበሰቡ ነበር ማለት ነው።

አሁን ይቺን ስሙኝ። 2017 ላይ ገና ሦስት ጨዋታ እንደተደረገ አሰልጣኛቸውን አባረሩ። የተካው ማን ነው? ኢቫን ክሊሪ። በ2018 መጨረሻ ክሊሪ ወደ ፔንሪዝ ፓንተርስ ሄደና ከ2021 እስከ 2024 አራት ዋንጫ ደርድሮ ወሰደ። ከሱ በኋላ ማይክል ማጓየር መጣ፤ 2014 ላይ ሳውዝ ሲድኒን ከ43 ዓመት ጥበቃ በኋላ ሻምፒዮን ያደረገው ሰው። እሱንም 2022 አጋማሽ ላይ አሰናበቱት። ማጓየር 2025 ላይ ብሪስቤን ብሮንኮስን ይዞ፣ ያውም በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ዋንጫውን አነሳ። ክሊሪም ማጓየርም በዚህ ክለብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር!

ተጫዋችስ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ጄምስ ቴደስኮ እዚያው ነው ያደገው፤ ወደ ሲድኒ ሩስተርስ ሄዶ የ2018ንና የ2019ን ዋንጫ በላ። ጆሽ አዶ-ካር ወደ ሜልበርን ስቶርም ተሻግሮ በዚያው ዓመት፣ 2017 ላይ፣ ሻምፒዮን ሆነ። ራያን ፓፐንሃይዘን ከታይገርስ ታዳጊዎች ተነስቶ በስቶርም ማሊያ የ2020 ፍጻሜ ኮከብ ተባለ።

ስለዚህ አሰልጣኝም ነበረ፣ ልጅም ነበረ። ያልነበረው አሰልጣኝ ሲቀየር አብሮ የማይቀየር ነገር ነው። አንዱ መጥቶ ፈጣን ቡድን እሠራለሁ ይላል፣ ተከታዩ ኳስ ይዘው የሚጋፉ ግዙፍ ተጫዋቾች ይገዛል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ግዢ በኪሳራ ይሸኛል፤ ልጆቹ ደግሞ ይሄን ሁሉ ከታች ቁጭ ብለው ያያሉ። የ20 ዓመት ልጅ ሞኝ አይደለም። ቤቱ የሚናወጥ ከሆነ ሻንጣውን ያነሳል።

ገንዘብ አፍስሰው ለምን አይገላገሉም የሚል አይጠፋም። አይሆንም። በአውስትራሊያው ሊግ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ ለሁሉም ክለብ እኩል ነው። ስቶርም ይህን ጣሪያ በድብቅ ሲጥስ 2010 ላይ ተነቅቶበት የ2007 እና የ2009 ዋንጫዎቹን ተነጥቋል። (አሰልጣኙን ክሬግ ቤላሚን ግን አላባረሩም። ከ2003 ጀምሮ እዚያው ነው፤ 2012 ላይ እንደገና ዋንጫ በላ።) ጣሪያው ባለበት ገበያ ላይ ደካማ ክለብ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ማንም መጨረሻ የሚወጣ ቡድን ውስጥ መጫወት ስለማይፈልግ ለዚያው ተጫዋች ከሌላው ክለብ አስበልጦ መክፈል አለበት። እቤት ያደገ ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት በርካሽ ይጫወታል፤ ከሱ የተረፈው ገንዘብ ሌላ ሰው ያስገዛል። ሒሳቡ ይሄ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ፔንሪዝ ቅዱስ አይደለም። 2011 ላይ ክለቡ ገንዘብ አጥሮት ሲንገዳገድ ፊል ጉልድ የሚባል ሰው መጣና የአምስት ዓመት ዕቅድ አለኝ አለ። ስንት ተሳለቁበት! ክሊሪንም ከታይገርስ በፊት ያመጣው ፔንሪዝ ነው፤ 2015 ላይ አባረረው፤ ልጁ ናታን ክሊሪ ደግሞ አባቱ ከተባረረ በኋላ፣ 2016 ላይ፣ በዚያው ክለብ ማሊያ ተሰለፈ። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ምን ይወራ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። 2018 ላይም ጥሎ ማለፉ ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሌላ አሰልጣኝ አባረዋል። ወንበሩ እዚያም ይነቃነቅ ነበር ማለት ነው። የታዳጊዎቹን ሥራ ግን ማንም አልነካውም። ጃሮም ሉአይና ብራያን ቶኦ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ዋናው ቡድን ሲደርሱ አንዱ የሌላውን ሩጫ ሳያይ ያውቀዋል። ክሊሪ ተመልሶ በመጀመሪያው ዓመት፣ 2019 ላይ፣ አሥረኛ ወጣ። ዝም አሉት። 2020 ላይ በፍጻሜው ተሸነፈ። ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ከዋንጫዎቹ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን የሄደባቸው ሰው ብዛት ነው። ስታሸንፍ የሁሉም ዋጋ ይወጣል፣ ጣሪያው ግን ያው ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሰው ትሸኛለህ። በርተን፣ ኪካው፣ ኮሮይሳው፣ ክራይተን፣ በመጨረሻም ሉአይ። አንዱ ሲወጣ ከታች ሁለት ዓመት ያንን ቦታ ሲለማመድ የቆየ ልጅ ይገባል። 2025 ላይ አጋማሹ ሳይደርስ የሰንጠረዡ ግርጌ ነበሩ፤ ከዚያ ተነስተው ለፍጻሜ ሊደርሱ በሁለት ነጥብ ብቻ፣ 16 ለ 14፣ በብሪስቤን ተሸነፉ።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስ አለ። 2016 ላይ ወረደ። ተመለሰና 2020 ላይ መጨረሻ ወጣ፤ የተረፈው በዚያ ዓመት በኮቪድ ምክንያት ወራጅ ስላልነበረ ነው። በ2023 የቻሌንጅ ካፕን (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፣ በ2024 የሊጉን ፍጻሜ 9 ለ 2 ተሸነፈ። ሁለት ፍጻሜ ያጣው አሰልጣኝ ዊሊ ፒተርስ ግን አልተባረረም፤ 2025 ላይ የእንግሊዝን ሦስቱንም ዋንጫ ጠራርጎ ወሰደ። ከ1985 ጀምሮ ትልቅ ዋንጫ አይቶ ለማያውቅ ክለብ ማለት ነው። አንዱ ኮከባቸው ሚኪ ሉዊስ የዚያው ከተማ ልጅ ነው።

እኔ እንዲህ ዓይነት ክለብ ቢሰጠኝ መጀመሪያ የምቀጥረው የታዳጊዎቹን ኃላፊ ነው፣ ውሉም ከዋናው አሰልጣኝ ይረዝማል። ከገበያ የምገዛው ኮከብ ሳይሆን ልምምድ ላይ ቀድሞ የሚደርስ፣ ልጆቹን የሚቆጣ የ30 ዓመት ተጫዋች ነው። ለደጋፊውም ሦስት ዓመት ታገሱኝ እለዋለሁ። ይሰድበኛል፣ አውቃለሁ።

ታይገርስ አሁን የ2005 ጀግናቸውን ቤንጂ ማርሻልን አሰልጣኝ አድርገዋል፣ ሉአይንም ከፔንሪዝ ገዝተዋል። በ2025 የመጨረሻውን ደረጃ አልያዙም። ግን በዚያው ዓመት የ19 ዓመቱ ላክላን ጋልቪን፣ እቤት ያደገው ትልቁ ተስፋቸው፣ ውሌን አላድስም ብሎ በውድድሩ አጋማሽ ወደ ቡልዶግስ ሄደ። ማርሻል ወንበሩ ላይ ነው፤ ይሄ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሰንጠረዡን ትቼ የምጠብቀው ቀጣዩን የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ ሁለት ወረቀት ሲቀርብለት የትኛው ላይ እንደሚፈርም።