ትልቁን ኩዊልት በሦስት ቁራጭ

እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ሳይገባ ለልጄ አልጋ ልጨርሰው ያሰብኩት ኩዊልት (በላይ ጨርቅና በገበር መካከል ጥጥ ገብቶበት የሚሰፋ የአልጋ ልብስ) 230 በ250 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በቤቴ ያለው የስፌት መኪና ደግሞ ከመርፌው እስከ መኪናው አካል ያለው ክፍተት 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሙሉውን ጠቅልዬ በዚያ ክፍተት ለማሳለፍ ስሞክር፣ ክብደቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች እየጎተተው ስፌቱ አጠረ፤ ገበሩም ተጨማደደ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተሰፋውን በትዕግሥት ተርትሬ ሥራውን በቁመቱ ለሦስት ከፈልኩት።

የላዩን ጨርቅ፣ የመሐሉን ጥጥና ገበሩን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ሁለቱን ቁራጮች ለየብቻ ሰፋሁ፤ በሚጋጠሙት ጠርዞች ላይ ግን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሳልሰፋ ተውኩ። የሥራው ቁልፍ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቁራጮቹ ሲጋጠሙ የላዩ ጨርቅ ከላዩ ጨርቅ ጋር ብቻ በመኪና ይሰፋል፣ ጥጡ ጫፍ ለጫፍ እንዲገጥም ተስተካክሎ ተቆርጦ በእጅ ይያያዛል፣ በመጨረሻም ገበሩ ታጥፎ በእጅ ይዘመዘማል። ጥጡ ከተደራረበ መገጣጠሚያው እንደ ገመድ ጎልቶ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ቁራጮች አጋጥሜ መዳፌን በመስመሩ ላይ ሳሳልፍ ምንም እብጠት አላገኘሁም፤ ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል። የቀረው ሦስተኛው ቁራጭ ነው። በእርሱ ላይ የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ጥለት ስላለበትና ሽመናው ስለሳሳ፣ በቀጭን መርፌ፣ ቀስ ብዬ ነገ እሰፋዋለሁ።