ማሪጎልድ ስትተክሉ ርቀቱንና ቅንጠሳውን ለያይታችሁ አትዩ

ዘሩ አያስቸግርም። ሙቀት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፣ ችግኙም ሲዛወር ቶሎ ይይዛል። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የዘሩ ፓኬት «በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ይተከል» ይላል። የትኛው ዓይነት? አይናገርም። 20 ሳንቲሜትር የፈረንሳይ ለሚባለው ለአጭሩ ይበቃል። እኔ የተከልኩት ግን ረጅሙን፣ የአፍሪካ የሚባለውን፣ እንደ ኳስ ድብልብል ያለ አበባ የሚያወጣውን ነው። እሱ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይፈልጋል፣ ቦታ ካለ 40 ስጡት። ሲጠጋጋ ለብርሃን ይሻማል፣ ሽቅብ ይመዘዛል፣ አገዳው ይቀጥናል። መሃሉ ነፋስ ስለማያገኝ ዝናብ ሲበዛ ግራጫ ሻጋታ ይገባበታል።

ከሁሉም የባሰው ግን ቅንጠሳው፣ ማለትም ተክሉ የጎን ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ጫፉን መቁረጡ ነበር። ዘሩን የሸጠኝ ባለሙያ «እምቡጥ ስታይ ጫፉን ቀንጥስ» አለኝ፣ እንዳለኝ አደረግኩ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። እምቡጥ እስኪታይ ከተጠበቀ ተክሉ ጉልበቱን አበባው ላይ አውሎታል፣ አገዳውም ጠንክሯል። በጥፍሬ ስይዘው አልቆረጥ እያለ ቁልቁል ይሰነጠቅ ነበር። ከዚያ እንደገና ቅርንጫፍ፣ እንደገና እምቡጥ እስኪመጣ ጥበቃ ሆነ፤ ያልተቀነጠሰው መደብ ያኔ አብቦ ነበር። ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጡት በብዛት ዳር ያሉት ናቸው። የመሃሎቹን ቅጠል ገለጥ አድርጌ ሳይ በየቅጠሉ ብብት ትንሽ አረንጓዴ ቡቃያ አለ፣ ግን ጥላ ውስጥ ስለሆነ እዚያው ቆሞ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተክሉ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል፣ ይሄ ሆርሞን የጎን ቡቃያዎችን አፍኖ ይይዛል። ጫፉ ሲነሳ የጎኖቹ ይነቃሉ። የሚዘረጉበት ቦታና ብርሃን ከሌለ ግን መንቃታቸው ምን ዋጋ አለው? ይሄንን አያይዞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ተክሉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ እምቡጥ ሳይታይ፣ ከታች 3 ወይም 4 ጥንድ ቅጠል አስቀርቼ ከአንጓው በላይ እቀነጥሳለሁ። ጫፉ ለጋ ስለሆነ ቀጭ ብሎ ይወጣል። ማበቡ ይዘገያል፣ እያንዳንዱ አበባም ትንሽ ያንሳል፣ ከአንድ እግር የሚገኘው ብዛት ግን ይክሳል። በአገዳው አንድ ትልቅ አበባ የፈለገ አይቀንጥስ። የፈረንሳዩ በራሱ ስለሚቀረንፍ እኔ አልነካውም። መሬቱ ጠባብ ሆኖበት አጠጋግቶ የሚተክልም ይኖራል። እሱ እንኳ ከመደቡ ብዙ አበባ ሊያገኝ ይችላል፣ ግን ቅንጠሳውን ይተወው።