የፉኤርቴስ ወፎችና የአራት ኪሎው ቁራ

ሰሞኑን አንድ ሰው ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ሉዊስ አጋሲዝ ፉኤርቴስ ይባላል፤ አሜሪካዊ የወፍ ሠዓሊ ነው። በ1919 ዓ.ም. የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከላከው የተመራማሪዎች ቡድን ጋር አዲስ አበባ ገባ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለዋቸዋል። ከዚያ በበቅሎ ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ወራት ሙሉ ተጓዙ። ፉኤርቴስም በሰፈሩበት ሁሉ ቀለሙን እየዘረጋ ከመቶ በላይ ሥዕል ሣለ። ወፎቹ ይበዛሉ፤ ጭላዳን የመሰሉ የደጋ እንስሳትም አሉበት።

እኔ ሥዕሎቹን ያየኋቸው በስልኬ ነው። በዚያች ትንሽ ስክሪን እንኳን ልብ ይሰርቃሉ። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ያለው ጭንቅላት ብቻ ነው። ጀርባ የለም፣ ሰማይ የለም፣ ዛፍ የለም። አይኑ ግን ያያል። እውነት ለመናገር ስንት ዓመት ወፍ ስሥል ኖሬ እንደዚህ የሚያይ አይን ሥዬ አላውቅም።

ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ወፏን በሕይወት እያለች ልብ ብሎ ያያታል፤ አቋቋሟን፣ አንገቷን ስትሰብር፣ ልትነሳ ስትል ክንፏን እንዴት እንደምታላቅቅ። ከዚያ ትታደናለች። በዚያ ዘመን ሳይንሱ የሚሠራው በጠመንጃ ነበር፤ ይሄን ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል። ከዚያ በኋላ ከሰዓቱ ጋር እሽቅድምድም ነው። የሞተች ወፍ ላባዋ ለዓመታት ቀለሙን ይይዛል። የአይኗ ቀለም፣ የእግሯ፣ የመንቁሯ፣ ላባ የሌለው የፊቷ ቆዳ ግን በሰዓታት ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ድካም አለ፣ ብርድ አለ፣ መሸ ሳይል ቁጭ ብሎ መሣል ነው። ነገ የለም።

ይሄ እንዴት እንደሆነ በአይኑ ማየት የሚፈልግ አራት ኪሎ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም ጎራ ይበል። እኔ በጣም የምወደው ቦታ ነው። ወፎቹ ላባቸውን እንደለበሱ ቆመዋል፤ አይናቸው ግን መስታወት ነው፣ እግራቸውም የሕይወት ቀለሙን ለቋል። የትኛውም አገር ሙዚየም ቢኬድ ያው ነው። ያንን የጠፋውን ቀለም የሚያስቀርልን በዚያች ቀን በዚያች ሰዓት የተሣለ ወረቀት ብቻ ነው።

የመስክ ንድፍ ደግሞ ስንቅ ነው። ሠዓሊው አገሩ ገብቶ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ተረጋግቶ፣ ትልቁን ሥዕል የሚሠራው ከዚያ ላይ እየቆነጠረ ነው። ገደሉን ያመጣል፣ ብርሃኑን ያመጣል፣ ወፏን ቦታዋ ላይ ያስቀምጣታል። ፉኤርቴስም ያሰበው ይሄንኑ ነበር።

አልሆነም። ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ አገሩ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ሥዕሎቹን ለአንድ ወዳጁ አሳይቶ ከባለቤቱ ጋር በመኪና ሲመለስ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የሐዲድ ማቋረጫ ላይ ባቡር መታቸው። እሱ በ53 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ቆስላ ተረፈች። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተስፈንጥረው ወጥተው ምንም ሳይሆኑ ተገኙ። በኋላ የጉዞው አባል የነበረው ሳይደም ካቲንግ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም ሰጣቸው። ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በ1930 ከመካከላቸው 32ቱን በቀለም አሳትሞ በአልበም አወጣቸው።

ሳይጨርስ ሞተ ብሎ የሚያዝን አለ። እኔም አዝኛለሁ። ግን ሥዕሎቹን ደጋግሜ ባየኋቸው ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። ትልቁ ሥዕል ከንድፉ ላይ ሊጨምር የሚችለው አገሩን ነው እንጂ ወፏን አይደለም። ወፏ እዚያች ወረቀት ላይ አልቃለች።

ይሄ ሁሉ የከነከነኝ እኔም አሁን ከንድፍ ወደ ሸራ ልሻገር ስለሆነ ነው። የምሥለው የኛን ቁራ ነው፤ ያንን መንቁረ ወፍራሙን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ እምብዛም አይገኝም፤ እኛ ግን ቆሻሻ ሲበትን ስለምናየው ዞር ብለን አናየውም። አራት ኪሎ አንድ ልኳንዳ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ስከታተለው ከረምኩ። መንቁሩ ከጭንቅላቱ ይገዝፋል፤ ጫፉ ላይ ነጣ ይላል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለችው፤ አንገቱን ሲደፋ ትሰፋለች፣ ቀና ሲል ትጠባለች። ጥቁሩም ዝም ብሎ ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ሲያርፍበት ቡኒም ሰማያዊም ይታየኛል።

ባለልኳንዳው አንድ ቀን ደብተሬን አየት አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ስንት ያማረ ወፍ እያለ ቁራ? ገደ ቢስ እኮ ነው» አለኝ። ገጹን ገለጥኩለት። ዝም ብሎ ካየ በኋላ፣ «ይሄኛውን አውቀዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁርጥራጭ ሥጋ እያወጣ ይጥልለታል፤ እንድሥለው ቅርብ እንዲቆምልኝ ብሎ።

ሥዕል ያስተማሩኝ ጋሼም ንድፎቹን አይተዋቸዋል። «ሸራው ትልቅ ነው ብለህ ቁራውን አታስጊጠው» አሉኝ። «እዚህ ወረቀት ላይ ሥጋ ሊሰርቅ ነው። እዚያ ደግሞ ፎቶ ሊነሳ እንዳይቆምብህ።» በዚህ ምክር የተነሳ ሸራው ላይ መጀመሪያ ያስገባሁት የእግሩን አረጋገጥና የአንገቱን መሰበር ነው። ሕንፃውና ሰማዩ ይደርሳሉ።

እነዚያ የፉኤርቴስ ሥዕሎች ግን እዚህም መታየት አለባቸው። ዋናዎቹ ቺካጎ ይቀመጡ፣ ግድ የለም። ወፎቹ ግን የኛ ናቸው፤ ጥሩ ተደርጎ የታተመ ቅጂ ስድስት ኪሎም ይሁን አራት ኪሎ አንድ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ደስታውን አልችለውም። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ወዳጄን ዋጋው ስንት እንደሚሆን ጠይቄዋለሁ። የወረቀቱን ዓይነት አጣርቼ እነግርሃለሁ ብሎኛል።