አሸንዳና ቅንጬ አረም ከመሬት የሚፈልጉት

አንድን ተክል በግቢው ለማልማት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ውሃ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ማዳበሪያ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም፣ ከሁሉ የሚቀድመው ተክሉ በአንድ ቦታ ለምን ያህል ዘመን የሚኖር ነው የሚለው ይመስለኛል፤ የውሃውም የአፈሩም ነገር በትክክል የሚታወቀው ይህ ከተመለሰ በኋላ ነውና። ለዚህም በአገራችን የሚበቅሉ ሁለት ተክሎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አንደኛው በደጋው ተራራ ላይ ለብዙ ዓመታት የሚኖረው አሸንዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥቂት ወራት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦና ዘሩን በትኖ የሚሞተው ቅንጬ አረም ነው።

አሸንዳ የምለው በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ ዲንሾ ዙሪያ ባለው ሜዳ በብዛት የሚታየውን፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ፣ አበባው ደግሞ በአንድ ቀጥ ያለ አገዳ ጫፍ ላይ ተደራርቦ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ቀይ የሚፈካውን ተክል ነው። አበልቢላ ወይም የዝንጀሮ አገዳ የሚሉትም አሉ። የሳይንስ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በተፈጥሮ የሚበቅልበት ሌላ አገር የለም። ሥሩ በባህል ሕክምና ለሆድ ቁርጠት ሲያገለግል የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤርሚያስ ዳኜና ቮልፍጋንግ ሽቴግሊኽ የተባሉት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ክኒፎሎን የተሰኘውን ውህድ ያገኙት ከዚሁ ሥር ነው። አበባው የሚያመነጨው ጣፋጭ ፈሳሽ ብዙ በመሆኑ ወለላ ቀሳሚ ወፎች አይለዩትም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ሳይቀር ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየሄደ ሲልስ በተመራማሪዎች ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት እንደሚለው አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫውም በአበባ ዱቄት ይሸፈናል። ሥጋ በል የሆነ አውሬ አበባን ያራባ ይሆናል የሚለው ሐሳብ በአገራችን ተራራ ላይ መነሣቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ይህ ተክል በተፈጥሮው የሚገኘው ከ2,050 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፣ የሚፈልገውም የዚያን ቦታ ጠባይ ነው። ቀዝቃዛ ሌሊት አይጎዳውም፤ ፀሐይ ግን በደንብ ሊያገኝ ይገባል። ኑሮው ያለው ከአፈር ውስጥ በሚገኘው ወፍራም ግንዱ ላይ ነው። በክረምት ያገኘውን ምግብ በዚያ ያከማቻል፤ በበጋ ቅጠሉ ቢጠወልግም ከዚያው ተነሥቶ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከላይ የሚታየው እድገት አነስተኛ ነው። የአሸንዳ ወገን የሆኑ ተክሎች ከዘር ሲጀመሩ ለአበባ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው፤ በዚህ መካከል ትዕግሥቱ አልቆ መደቡን የሚቆፍር ሰው ያለቀለትን ሥራ ያፈርሳል። ውሃን በተመለከተ፣ እርጥበቱ በአፈሩ ውስጥ ቢቆይለት ይወዳል፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ከተተከለ ግን ግንዱ ይበሰብሳል። በአዲስ አበባ ግቢዎች ከድርቅ ይልቅ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይበልጥ የሚያሰጋው ለዚህ ነው፤ መደቡን ከፍ አድርጎ ተዳፋት መስጠት ከማንኛውም ማዳበሪያ የበለጠ ይረዳዋል።

ቅንጬ አረም፣ በሳይንስ ስሙ ፓርተኒየም፣ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። የትውልድ ቦታው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው የአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ በአገራችን በተለይ በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ዘሩ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ወቅት ሳይመርጥ ይበቅላል፤ ከበቀለም በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ማበብ ይጀምራል። የቀን መርዘምና ማጠር አያግደውም። በአፈር ውስጥ የሚያስቀምጠው ስንቅ ስለሌለ ያገኘውን ኃይል ሁሉ ለዘር ያውላል፤ አንድ በሚገባ ያደገ ተክል 15,000ና ከዚያም በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩ በጣም ትንሽና ቀላል ስለሆነ በጎርፍ፣ በከብት እግር፣ በመኪና ጎማና በአሸዋ ጭነት ይጓዛል፤ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ደግሞ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። መረሬ አፈር ላይ በርትቶ ይበቅላል፤ ኮረትና ፍርስራሽ በተደፋበት ቦታም አይሸነፍም። የሚመርጠው ሞቃታማውን ቆላና ወይናደጋ ሲሆን፣ ብርቱ ውርጭ በሚወርድበት ደጋ እንደ ልቡ አይሆንም።

ቅንጬ የሚፈልገው ነገር ጥቂት ቢመስልም አንድ ነገር ግን የግድ ያስፈልገዋል፤ እርሱም የተራቆተ መሬት ነው። ቡቃያው በጥቅጥቅ ሣር ጥላ ሥር ይቀጭጫል። በመንገድ ዳር፣ አዲስ በተቆፈረ የቱቦ መስመር ላይ፣ ከብት በጋጠው ሜዳና በታረሰ ማሳ ውስጥ የሚገንነው፣ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ቀድሞ የነበረው የሣር ሽፋን ስለተነሣለት ነው። ቦታውን አንዴ ከያዘ በኋላ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ኬሚካል የሌሎችን ዘር እንዳይበቅል ስለሚያውክ ሽፋኑ ተመልሶ እንዲያገግም አይፈቅድም። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ከብት ከበላው ወተቱ ይመርራል፣ በእጁ የሚነካው ሰውም ቆዳው ሊቆጣና አስም ሊነሣበት ይችላል።

ሁለቱም ተክሎች ፀሐይ ይወዳሉ፤ ሁለቱንም ከብት አይደፍራቸውም። እንዲያውም ከመጠን በላይ በተጋጠ የደጋ ሜዳ ላይ አሸንዳ የሚበዛው ከብቱ ሣሩን እየበላ እርሱን ስለሚተወው ነው፤ ስለዚህ አበባው የሞላበትን ተራራ ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ልዩነቱ የሚታየው መሬቱ ሲገለበጥ ነው። አሸንዳ ግጦሽን ይችላል፤ በየዓመቱ የሚመላለስ ማረሻን ግን አይችልም፣ የዓመታት ስንቁ ተቆራርጦ ይወጣልና። ለቅንጬ ደግሞ ያው መገልበጥ ከሥር ያለውን ዘር ወደ ብርሃን የሚያወጣ መልካም አጋጣሚ ነው። አረምን ለማጥፋት ተብሎ ደጋግሞ መቆፈር ብዙ ጊዜ አረሙን የሚያበዛውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ከልብ የምናገረው በጎረቤት ግቢዎች በየክረምቱ ሲደገም ስለማይ ነው።

እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለቱም ሊበቅሉ ይችላሉ። ቅንጬው የገባው ለግንባታ ከመጣው አሸዋ ጋር ሳይሆን አይቀርም፤ ቀድሞ የታየው አሸዋው በተራገፈበት አጥር ጥግ ነውና። እዚያ የምከተለው አሠራር ቡቃያውን ገና ሳያብብ፣ አፈሩ ከዝናብ በኋላ ለስላሳ ሳለ፣ ጓንት አድርጎ ከነሥሩ መንቀል ነው። ካበበ በኋላ መንቀልና ማጓጓዝ ዘሩን መዝራት ስለሆነ፣ ያመለጠውን በቦታው በከረጢት ሸፍኜ ነው የማወጣው፤ ኮምፖስት ውስጥም አላስገባውም። የተነቀለበትን ቦታ በዚያኑ ዕለት ደረቅ ሣር እጎዘጉዝበታለሁ፣ ወይም ሰርዶ እተክልበታለሁ። ይህን በአንድ ክረምት ሠርቶ መተው አይቻልም፤ በአፈሩ የተቀበረው ዘር ስላላለቀ ለተከታታይ ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለአሸንዳው መደብ የሚያስፈልገው ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ የደረቀውን አገዳ መቁረጥ፣ ዙሪያውን በእጅ ማረምና ጥልቅ ቁፋሮን መከልከል በቂ ነው። ማባዛት የፈለገ ሰው በግቢው ያደገውንና ጉብ ያለውን ተክል ዝናቡ ሲገባ፣ በሰኔ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ሥርና ቡቃያ እንዲኖረው አድርጎ ይከፍለዋል። ከተራራ ቆፍሮ ማምጣት ግን በፍጹም ልማድ ሊሆን አይገባም። አንድ ሰው ለግቢው ሲል በአንድ ከሰዓት የሚነቅለው ጉብታ በዚያ ቀዝቃዛ አፈር ለመወፈር ብዙ ክረምቶች የፈጀበት ነው፤ ዘሩን ከደረቀው አገዳ ላይ በጥቂቱ ለቅሞ፣ በሣጥን ውስጥ በላይ በላዩ ዘርቶ፣ ስስ አፈር ማልበስ ይቻላል።