«መጠጥ ቤት ነው ትምህርት ቤት?»

እናቴ ደወለች። «ትናንት ማታ ስደውል ለምን አላነሳሽም?»

«ፐብ ነበርኩ እማዬ።»

«ፐብ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መጠጥ ቤት ነው።»

ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ነገሩን ላቅልል ብዬ «ለመጠጥ እኮ አይደለም፣ ጥያቄና መልስ ውድድር አለ» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ መጠጥ ቤት ነው ትምህርት ቤት?»

እውነቷን ነው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ግራ ገብቶኝ ነበር።

የምኖረው ሊድስ ነው፣ ሰሜን እንግሊዝ። የምሠራው ኬር ሆም ውስጥ፣ አረጋውያን ስንከባከብ ነው የምንውለው። አንድ ጠዋት የሌሊት ፈረቃ ሳስረክብ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት የሥራ ባልደረባዬ «ላቭ፣ ረቡዕ ማታ ለክዊዝ ሰው ጎድሎናል፣ ትመጫለሽ?» አለችኝ። (ዮርክሸር ውስጥ የማያውቅሽ የአውቶቡስ ሹፌርም «ላቭ» ይልሻል። መጀመሪያ ሰሞን ፊቴን አጠቁር ነበር። ለካ እንደኛ «እህቴ» ማለታቸው ነው።)

ፐብ ክዊዝን እንግሊዞች እንደ ማኅበር ነው የያዙት። በ1970ዎቹ ነው በየመጠጥ ቤቱ የተስፋፋው። ዓርብና ቅዳሜ ቤቱ ራሱ ይሞላል። በሳምንቱ መካከል ግን ወንበሩ ባዶውን ያድራል። ጥያቄ ካለ ሰው ይመጣል፣ ከመጣ ይጠጣል። እኛ ጋ በነፍስ ወከፍ 2 ፓውንድ ይዋጣል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እስከ ስድስት ሰው ይቀመጣል፣ የተሰበሰበውን አንደኛ የወጣ ይወስዳል። ስልክ ማውጣት ነውር ነው። ሲሰርቅ የተያዘ ሰው እንኳ እንደዚያ አይታይም። መጨረሻ ላይ ወረቀት ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር ትለዋወጪና አንዱ የሌላውን ያርማል፣ ልክ እንደ ሰባተኛ ክፍል።

እኔ ደግሞ በራሴ ተማምኜ ነው የሄድኩት። ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ የሚሸጡትን የ«ጠቅላላ እውቀት» መጻሕፍት በቃሌ ነበር የማውቃቸው። በዓለም ረጅሙ ወንዝ፣ በዓለም ትንሿ አገር፣ የቦሊቪያ ዋና ከተማ። በወላጆች በዓል ክፍሌን ወክዬ ተወዳድሬ አንድ ደርዘን ደብተር ተሸልሜያለሁ። ደብተሩን ታላቅ ወንድሜ ወሰደው፣ ክብሩ ግን የእኔ ነው።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ለስላሳዬን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዙር የፎቶ ዙር ነበር። አንድ ገጽ ላይ አሥር ፊት። የቴሌቪዥን አቅራቢዎች፣ ድሮ የነበሩ እግር ኳስ ተጫዋቾች፣ አንድ ምግብ አብሳይ። እነሱ እየተሳሳቁ ይጽፋሉ። ለእኔ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። ይህን ነገር ፈረንጅ ስለኛ ሲል ስንቴ ተቆጥቼበታለሁ!

ቀጥሎ የመጣው የብስኩት ዙር ነው። አልቀለድኩም፣ ስለ ብስኩት ብቻ አሥር ጥያቄ። ከስታርድ ክሪም የትኛው ነው፣ ጃሚ ዶጀር መሃሉ ምን አለው፣ ሪች ቲ ሻይ ውስጥ ሲነከር ምን ይሆናል። እኔ ሳድግ የማውቀው ብስኩት ሁለት ዓይነት ነው፦ ያለና ያለቀ። ከዚያ የድሮ ቴሌቪዥን ድራማዎች መግቢያ ሙዚቃ መጣ። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ጠረጴዛው ሁሉ ፊቱ ይበራል። እኔ ጆሮዬን ቀስሬ ዜሮ።

ያኔ ነው የገባኝ። እነሱ «ጄነራል ኖውሌጅ» የሚሉት የራሳቸውን ልጅነት ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሶፋ ላይ ተኝተው ያዩትን፣ አያታቸው ቤት የበሉትን። የቦሊቪያን ዋና ከተማ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከዚያ ጠያቂው መነጽሩን አስተካክሎ «በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ማን ነው?» አለ።

በቃ። ራሴን አላውቅም። ከወንበሬ ተነስቻለሁ፣ እጄንም አውጥቻለሁ። «አበበ ቢቂላ!»

«እኔ ቲቸር! እኔ!» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ በዚህ ጨዋታ መልስ በሹክሹክታ ነው፣ ሌላው ጠረጴዛ እንዳይሰማ። እኛ አገር ቀድሞ የጮኸ ነው የሚያሸንፈው። የባልደረባዬ ባል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የቡድናችንም አለቃ ነው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠያቂው «ለሁሉም ጠረጴዛ አንድ ነጥብ፣ እመቤቲቱን አመስግኑ» አለ። ከወዲያኛው ጥግ አንዱ «እባክሽ፣ አጻጻፉንም ንገሪን!» ብሎ ጮኸ።

አፍሬያለሁ። ግን አንዴ ከተነሳሁ አይቀር ብዬ እረፍት ላይ የቀረውን ነገርኳቸው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ ነበር ያለቀው፣ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆመው። አበበ የሙሶሊኒ ጦር በ1937 ወስዶ ሮም ያቆመውን የአክሱም ሐውልት በዚያ ምሽት አልፎት ሮጧል። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው። ቀኑ በእነሱ ሴፕቴምበር 10 ቢሆንም በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እዚህ ላይ አሥራ ሦስት ወር እንዳለን ማስረዳት ነበረብኝ፣ ሁለተኛው አጋማሽም ሊጀመር ሆነ። አለቃችን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በሚቀጥለው ጊዜ በጆሮዬ።»

በሚቀጥለው ጊዜ የሚል ቃል ስሰማ ደስ አለኝ። እንዲህ ነው የረቡዕ ደንበኛ የሆንኩት።

ዋናው ጥቅሜ የታወቀው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን የዜግነት ፈተናውን እያጠናሁ ነበር። የተፈተነ ያውቀዋል፦ 24 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ፣ ለማለፍ 18፣ ክፍያው 50 ፓውንድ። ከፈረቃ መልስ አውቶቡስ ላይ የሄንሪ ስምንተኛን ሚስቶች ስሸመድድ ነበር የምከርመው። ስድስት ናቸው። ከሁለቱ ተለያየ፣ የሁለቱን አንገት አስቆረጠ፣ አንዷ ሞተችበት፣ የመጨረሻዋ ተረፈች። (ይህን ለእናቴ ስነግራት «ስድስተኛዋ ምን ነክቷት ነው ያገባችው?» አለችኝ። የታሪክ ምሁራንም ከዚህ የተሻለ የጠየቁ አይመስለኝም።)

እና አንድ ረቡዕ «ሦስተኛዋ ሚስት ማን ነበረች?» ተባለ። በአለቃችን ጆሮ «ጄን ሲሞር» አልኩ። ትክክል። ቀጥሎ «ሴቶች በምርጫ ከወንዶች ጋር እኩል መብት ያገኙት በስንት ዓመት ነው?» ጠረጴዛው ሁሉ 1918 አለ። እኔ 1928 አልኩ። በ1918 የመረጡት 30 ዓመት የሞላቸው ብቻ ናቸው፣ እሱም ከነቅድመ ሁኔታው። ከወንዶቹ እኩል በ21 ዓመት የሆነው በ1928 ነው። ተከራከርን። ባልደረባዬ «እኔ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ እኮ» አለች። እኔ ድርቅ አልኩ። ከ50 ፓውንድ ጋር የተያያዘ ነገር አይረሳም። ጻፉት፣ ትክክል ሆነ።

«የት ተማርሽው?»

«ለፓስፖርቱ ነው።»

እንዲህ ያለ ፈተና መኖሩንም አያውቁም ነበር። ውድድሩ አልቆ ስልክ ሲፈቀድ የልምምድ ጥያቄዎቹን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ከአራቱ ያለፈው አንዱ ነው። ባልደረባዬ 13 አመጣች። «ታዲያ እኔን ወዴት ሊመልሱኝ ነው?» ብላ ቢራዋን ጨለጠች።

ሁሉም ረቡዕ እንደዚህ አያስቅም። አንዴ በሙዚቃ ዙር የ1984ቱ የባንድ ኤይድ ዘፈን መግቢያ ተሰማ። «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚለው። ጠረጴዛው በአንድ ጊዜ አቀረቀረ፣ ሁሉም ቢራውን መመርመር ጀመረ። አዝነውልኝ ነው። እኔ እስክሪብቶውን ወስጄ መልሱን ጻፍኩ። ያኔ ብዙ ሰው ልጁን ቀብሯል፣ እነዚህም ሰዎች በወቅቱ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጥተዋል፣ ይህን አልክድም። ግን ጥያቄው ሁሌም ይገርመኛል። ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን የሆነን አገር ገናን ታውቂያለሽ ወይ ይባላል? ደግሞስ ገና በእነሱ ጃንዋሪ 7 ነው። ዘፈኑ በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የሚመጣው።

ሌላ ቀን ደግሞ «በሕዝብ ብዛት ከዓለም ቀዳሚው ወደብ አልባ አገር?» አሉ። በጆሮው ነገርኩት። ወደብ አጥተን ነጥብ አገኘን።

በእረፍት ሰዓት እንቆቅልሽ አስተማርኳቸው። «እንቆቅልሽ!» ስል «ምን አውቅልሽ!» እንዲሉ አለማመድኳቸው፣ አፋቸው እየተሳሰረ አሉት። በእንቁላል ጀመርኩ፦ በርም መስኮትም የሌለው ነጭ ቤት። አላወቁም። እንግዲህ አገር ስጡኝ አልኳቸው። ሕጉን ሳስረዳቸው ሁሉም በአንድ አፍ «ማንችስተርን ውሰጂ!» አሉ። የሊድስ ሰው ማንችስተርን ለመስጠት ሁለቴ አያስብም። እናቴ ይህን ስትሰማ ነው ነገሩ የገባት። «እንደሱ በይኛ! እንቆቅልሽ ነው እንዴ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ደውላ ስንተኛ እንደወጣን ትጠይቀኛለች።

ያለፈው ረቡዕ ከአንድ ጠረጴዛ ጋር እኩል ነጥብ አመጣን። እንዲህ ሲሆን መለያ ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ቁጥር ነው፣ ይበልጥ የተጠጋው ያሸንፋል። «ቤን ኔቪስ ስንት ሜትር ነው?» አለ ጠያቂው። የብሪታንያ ረጅሙ ተራራ ነው፣ ስኮትላንድ።

እኔ ልቤ ያለው 3,000 ነው። የአንድ ትልቅ አገር ረጅሙ ተራራ ከመርካቶ ያንሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? አለቃችን ግን «አራት ሺህ አራት መቶ ፊት ነው፣ ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ» አለ። ጥያቄው በሜትር ነው። ሁሉም ተያየ። እዚህ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው ቁመቱን በፊት፣ ክብደቱን በስቶን ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ይሄው ነው። አዲስ አረጋዊ በገባ ቁጥር «አምስት ፊት ከአራት ኢንች» ይለኛል፣ ቅጹ ላይ ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሬ እሞላለሁ። አንድ ፊት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወረቀቱ ጀርባ ላይ አባዛሁት። 1,342።

በጆሮው ነገርኩት። ጻፈው።

ትክክለኛው መልስ 1,345 ነበር። ቤቱ አጨበጨበ፣ እኔም ልዘል ምንም አልቀረኝም። ለካ ያኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የሚወጡ ጡረተኞች ናቸው። 1,345 ብለው ጽፈዋል። በሦስት ሜትር ተሸነፍን።

ለሁለተኛ የሚሰጠው አንድ ካርቶን ቸኮሌት ነው። የወተት ቸኮሌት፣ በረቡዕ። ድርሻዬን በሶፍት ጠቅልዬ ቤት ወሰድኩና ስድስት ሰዓት እስኪያልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳየው አመሸሁ።

ሐሙስ እናቴ ደወለች። ተሸነፍን አልኳት፣ በተራራ ጥያቄ።

«ስንት ነው የነሱ ተራራ?»

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ አምስት ሜትር።»

«ከሥሩ ነው ከጫፉ?»

«ጫፉ ነው እማዬ። በአገሩ ከዚያ በላይ የለም።»

ትንሽ አሰበች። «እሱማ ቆላ ነው» አለች። «ወባ የለውም?»